«ጥፋተኛ ነኝ» ከማለት በፊት

ሆዜ ፓዲያ የተወለደው ሆንዱራስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት ኖሯል፤ በቬትናም ጦርነትም ለአሜሪካ ዘምቷል። ኋላ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ሆኖ ሲሠራ፣ ኬንታኪ ላይ መኪናው ተፈትሾ ማሪዋና ተገኘበት። ጠበቃው፣ እዚህ አገር ብዙ ዘመን ስለኖርክ ስለ መኖሪያ ፈቃድህ አታስብ አለው። ፓዲያም ይህን ተማምኖ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ምክሩ የተሳሳተ ነበር። ያመነው ወንጀል ግሪን ካርዱን የሚያስነጥቅ፣ ከአገር የሚያስባርር ወንጀል ነው።

ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በማርች 2010 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በ7 ለ2 ድምፅ ውሳኔ ሰጠ፤ ተከላካይ ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው፣ የሚሰጠው የእምነት ቃል ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት አለ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ይህ በመላ አሜሪካ የሚሠራ ሕግ ነው። ሆኖም ዋሽንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሲያትልና ሚኒያፖሊስ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን መብታቸውን የሚያውቁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። አደንዛዥ ዕፅ ይዞ በመገኘት የተከሰሰ ስደተኛ ትልቁ አደጋ የእስር ቤቱ በር አይደለም። አደጋው ያለው በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ «ዛሬውኑ ወደ ቤትህ ትገባለህ» ተብሎ በሚፈረመው ወረቀት ላይ ነው።

ከኢትዮጵያውያን ጋር በቅርብ የተያያዘው ዕፅ ጫት ነው። አወዳይ ገበያ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚሸጥ፣ ግብር የሚከፈልበት፣ ለአገር የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባ ቅጠል ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለው ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ሌላ ስም ያገኛል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በተከለከሉ ዕፆች ዝርዝሩ ላይ «ጫት» ብሎ ተክሉን አልጻፈም። የጻፈው በተክሉ ውስጥ የሚገኙትን ሁለት ንጥረ ነገሮች ነው። ካቲን በ1988 አራተኛው ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። ካቲኖን ደግሞ በ1993 ሄሮይን ባለበት በአንደኛው ሰንጠረዥ ተመዘገበ። ጫቱ ከተቆረጠ በኋላ ቀናት ባለፉ ቁጥር ካቲኖኑ እየቀነሰ ወደ ካቲን ይለወጣል። ስለዚህ አንድ እስር ጫት ከባድ ወንጀል ይሁን ቀለል ያለ የሚወሰነው በላቦራቶሪ ነው።

ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም። በፌዴራል ሕግ አንደኛ ሰንጠረዥ ላይ ያለን ዕፅ ለማከፋፈል አስቦ መያዝ እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፤ አራተኛ ሰንጠረዥ ላይ ላለ ዕፅ ጣሪያው 5 ዓመት ነው። ለራስ መጠቀሚያ ብቻ ይዞ መገኘት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ እስከ አንድ ዓመት እስራትና ቢያንስ 1,000 ዶላር መቀጮ አለው። ግን ሻንጣ ሙሉ ጫት ለራሴ ነው ቢባል ማን ያምናል? የኢትዮጵያዊ እጅ ሰፊ ነው፤ ለወንድም፣ ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ እየተባለ ሻንጣው ይሞላል። የጉምሩክ መኮንኑ ግን ከበርበሬው፣ ከሽሮውና ከቡናው መሐል የወጣውን በፌስታል የተጠቀለለ ደረቅ ቅጠል የሚመዝነው በኪሎ ነው። ኪሎው በጨመረ ቁጥር «ለማከፋፈል» የሚለው ቃል ወደ ክሱ ይቀርባል። በፖስታ ሲላክ «ሻይ ቅጠል» ወይም «ሂና» ተብሎ የተጻፈበት ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ ራሱ ተደብቆ ለመላኩ ማስረጃ ይሆናል።

ፍርድ ቤቶቹም በዚህ ቅጠል ላይ አንድ ዓይነት መንገድ አልሄዱም። በ2003 መቀመጫው ቦስተን የሆነው የመጀመሪያው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሜይን ግዛት በጫት ጥቅል ምክንያት የተከሰሰ ሰው ላይ የተሰጠውን የጥፋተኝነት ውሳኔ አጸና። በ2005 ግን ሲንሲናቲ ላይ የሚያስችለው ስድስተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጫት በማስገባት የተፈረደበትን ሶማሊያዊ ስደተኛ ነፃ አወጣው፤ ጫት ውስጥ የተከለከለ ንጥረ ነገር መኖሩን ያውቅ እንደነበር ዐቃቤ ሕግ በበቂ አላስረዳም በሚል ምክንያት። በዚያው በ2005 ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን የሚያጠቃልለው አራተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጫት ይዞ ሲገባ የተያዘን ኢትዮጵያዊ ጉዳይ መርምሮ፣ ጫት በስሙ በዝርዝሩ ላይ ስለሌለ «ጫት ነው የያዝኩት» ማለቱ ብቻውን የተከለከለ ዕፅ ይዟል አያሰኝም ሲል ወሰነለት።

እነዚህ ውሳኔዎች ጫትን ሕጋዊ አላደረጉትም፤ እንዲህ ብሎ የሚያጽናና ሰው ቢኖር አትስሙት። የሚያሳዩት ሌላ ነገር ነው። ክሱ የሚቆመው ዐቃቤ ሕግ ሁለት ነገሮችን ሲያስረዳ ነው፤ አንደኛ ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን ወይም ካቲን እንዳለ በምርመራ፣ ሁለተኛ ተከሳሹ የያዘው የተከለከለ ነገር መሆኑን እንደሚያውቅ። የመጀመሪያውን ላቦራቶሪው ይመልሰዋል። ሁለተኛውን አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ተከሳሹ ራሱ ነው፤ በተያዘ በመጀመሪያዋ ሰዓት፣ በገዛ አፉ። «አዎ፣ እዚህ አገር እንደማይፈቀድ ሰምቻለሁ፣ ግን ለሠርግ ብዬ ነው» ያለ ሰው ለዐቃቤ ሕጉ የጎደለውን ግማሽ ሞልቶ ሰጠው።

እዚህ ላይ የአስተዳደጋችን ነገር ይመጣል። ባለሥልጣን ሲጠይቅ ዝም ማለት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ፖሊስ ፊት ዝም ማለት አይሆንለትም። ራሱን ማስረዳት፣ ማሳዘን፣ «እኔ እኮ እንደዚህ ዓይነት ሰው አይደለሁም» ማለት ይፈልጋል። በ1966 የወጣው ታዋቂው የሚራንዳ ውሳኔ ተጠርጣሪው ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብቱ እንዲነገረው ያስገድዳል። ግን በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ነገር ጨምሯል፤ መብቱን የሚፈልግ ሰው እንደሚፈልግ በግልጽ መናገር አለበት። ዝም ብሎ ተቀምጦ ከሰዓታት በኋላ ለአንድ ጥያቄ መልስ የሰጠ ሰው መልሱ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል። የሚባለው አጭር ነው፤ «ጠበቃ እፈልጋለሁ፤ ያለ ጠበቃ አልናገርም።» በትሕትና ይባላል፣ ይደገማል፣ ከዚያ በኋላ ስለ አየር ሁኔታ እንኳ ወሬ አይጀመርም። ከእስር ቤት ስልክ ለሚስት ወይም ለወንድም ሲደወልም ንግግሩ የሚቀዳ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። በአማርኛ መነጋገር መደበቂያ አይሆንም፤ አስተርጓሚ አለ።

ፍተሻም እንዲሁ ነው። «መኪናህን ልይ?» ሲባል «ይቻላል፣ ጌታዬ» ማለት ለብዙ ሾፌሮቻችን ጨዋነት ነው። በሕግ ዓይን ፈቃድ ነው፤ ፈቃድ የሰጠ ሰው ኋላ ጠበቃው ፍተሻው ሕገ ወጥ ነበር ብሎ የሚከራከርበትን በር ራሱ ዘጋ። አልፈቅድም ማለት ወንጀል አይደለም። ፖሊሱ ሌላ ሕጋዊ ምክንያት ካለው ይፈትሻል፤ ያኔ ደግሞ መታገል ሳይሆን ለጠበቃ ማስቀመጥ ነው።

ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖች በተለይ አንድ ውሳኔ ቢያውቁ መልካም ነው። በ1999 ክረምት ላይ ባልቲሞር ካውንቲ ውስጥ ከሌሊቱ 3፡16 በፈረንጅ ሰዓት ሦስት ወንዶች ያሉበት መኪና ይቆማል። ዳሽቦርዱ ውስጥ 763 ዶላር፣ ከኋላ ወንበር የክንድ ማሳረፊያ ጀርባ አምስት ትንንሽ ከረጢት ኮኬይን ይገኛል። የማን እንደሆነ አንዱም አልተናገረም፤ ፖሊሱ ሦስቱንም ይዟቸው ሄደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2003 ሦስቱን ለመያዝ በቂ ምክንያት ነበር አለ። ይህ ለመያዝ ነው እንጂ ለመፍረድ አይደለም። ለመፍረድ ዐቃቤ ሕግ ሰውየው ዕፁ መኖሩን እንደሚያውቅና በቁጥጥሩ ሥር እንደነበረ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት። ተሳፋሪ ጥሎት በወረደው ነገር የተከሰሰ ሾፌር የጉዞ መዝገቡ፣ የመተግበሪያው ሰዓትና የካሜራው ቅጂ ሕይወቱ ናቸው። እነዚህ ደግሞ ቶሎ ይጠፋሉ። ጠበቃ በሁለተኛው ቀን መያዝና በሁለተኛው ወር መያዝ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመጀመሪያ ጥፋት፣ ትንሽ መጠን፣ ንጹሕ መዝገብ ላለው ሰው ዐቃቤ ሕግ ብዙ ጊዜ ለጋስ መስሎ ይቀርባል። ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ለስድስት ወር ወይም ለዓመት ጠባይህን አሳይ፣ ፋይሉ ይዘጋል ይለዋል። ለአሜሪካ ዜጋ ይህ ጥሩ ስምምነት ሊሆን ይችላል። ለግሪን ካርድ ባለቤት፣ ለጥገኝነት ጠያቂ፣ ለተማሪ ግን ወጥመድ ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ «ጥፋተኝነት» የሚለውን የሚተረጉመው በራሱ መንገድ ነው፤ ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ ዳኛው አንዳች ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት፣ ግዛቱ ኋላ ፋይሉን ቢዘጋውም ቢሰርዘውም በኢሚግሬሽን በኩል ጥፋተኛ ነው። ከተከለከሉ ዕፆች ጋር የተያያዘ ማንኛውም ጥፋተኝነት ማለት ይቻላል ከአገር ያስባርራል። ሕጉ የተወው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ለራስ መጠቀሚያ የሆነ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና፣ ያውም ለአንድ ጊዜ። ጫት በዚህ ቀዳዳ አያልፍም።

ውጤቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል። ሰውየው ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ዓመታት ያልፋሉ። ከዚያ እናቱ ያርፋሉ። ለለቅሶ አዲስ አበባ ሄዶ፣ አርባውን አውጥቶ ሲመለስ ዱለስ ላይ መኮንኑ ፓስፖርቱን አይቶ ወደ ጎን ክፍል ይመራዋል። አሥር ዓመት የኖረበት አገር እንደ አዲስ መጪ ይቆጥረዋል፤ የድሮው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አለ። ለአንዳንዶች ማመልከቻ አለ፤ በሕጋዊ መንገድ ገብተው ሰባት ዓመት ኖረው፣ አምስቱን በግሪን ካርድ ካሳለፉ ዳኛ መባረሩን ሊያስቀርላቸው ይችላል። ግን እሱም በሕጉ ውስጥ ብዙ እንቅፋት አለበት፤ ሲሳካም በዳኛው ፈቃድ ነው።

ኮሪያዊው ጄ ሊ በ13 ዓመቱ አሜሪካ ገብቶ ሜምፊስ ውስጥ ሁለት ምግብ ቤቶች ከፍቶ ሲሠራ ነበር። በኤክስታሲ ክስ ተይዞ ጠበቃውን ደጋግሞ የጠየቀው ስለ እስሩ አልነበረም፤ እባረራለሁ ወይ ብሎ ነው። ጠበቃው አትባረርም አለው፤ አመነ፤ የሚያስባርር ሆኖ ተገኘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 የእምነት ቃሉን ቀሪ እንዲያደርግ ፈቀደለት፤ የማሸነፍ ዕድሉ ጠባብ ቢሆንም፣ መባረሩን ቢያውቅ ኖሮ ይህ ሰው መከራከርን ይመርጥ ነበር በማለት። ሊ ይህን ያገኘው ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ ነው። ትክክለኛ መልስ የሚሰጥ ጠበቃ በመጀመሪያው ቀን ቢኖረው ኖሮ ያ ሁሉ አያስፈልግም ነበር።

ታዲያ ጠበቃ እንዴት ይገኛል? በማኅበረሰባችን የተለመደው መንገድ ዘመድ መጠየቅ ነው። ዘመዱ ደግሞ ጥገኝነት ያስጨረሰለትን ሰው ስልክ ይሰጣል፤ ወይም ግብር የሚሠራለትንና ፎርም የሚሞላለትን። ፎርም የሚሞላ ሰው ጠበቃ አይደለም፤ ምክሩን ተከትሎ ጥፋት ያመነ ሰው የሚጠይቀው ኃላፊ የለም። የጥገኝነት ጠበቃም ቢሆን የወንጀል ችሎት ካልቆመ የላቦራቶሪ ውጤትን እንዴት እንደሚሞግት ላያውቅ ይችላል። የሚፈለገው በዚያው ካውንቲ ወይም በዚያው ፌዴራል ፍርድ ቤት በዕፅ ጉዳይ የሚቆም የወንጀል ተከላካይ ነው፤ ኢሚግሬሽኑን ራሱ ካላወቀ ደግሞ የሚያውቅ ባልደረባ አማክሮ መልሱን በጽሑፍ የሚያመጣ። ፈቃዱ እንዳልታገደ የግዛቱ የጠበቆች ማኅበር ወይም ፍርድ ቤት ድረ ገጽ ላይ ስሙን በመፈለግ ብቻ ማረጋገጥ ይቻላል፤ የሚወስደው አምስት ደቂቃ ነው።

ገንዘብ የለኝም የሚል ሰው ደግሞ ጠበቃ የለውም ማለት አይደለም። በ1963 በጊዲዮን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በከባድ ወንጀል ለተከሰሰና መክፈል ለማይችል ሰው መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ወስኗል፤ መብቱ ኋላ እስራት ወደሚያስከትሉ ቀላል ወንጀሎችም ሰፍቷል። ብዙ ወገኖቻችን ግን «የመንግሥት ጠበቃ ያው የመንግሥት ነው» ብለው ይጠረጥሩታል፤ ሐቁን ይደብቁበታል ወይም ተበድረው ሌላ ይቀጥራሉ። ይህ ጥርጣሬ ከአገር ቤት የመጣ ነው፤ ምክንያቱ ቢገባንም እዚያ ትክክል አይደለም። ደመወዙን መንግሥት ይክፈለው እንጂ ታማኝነቱ ለደንበኛው ነው፤ የነገሩትን ሚስጥር ለዐቃቤ ሕግ ሊያሳልፍ አይችልም። የዋሽንግተን ዲሲው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት በመላ አገሪቱ በብቃቱ የሚጠቀስ ነው። በየቀኑ እነዚያው ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ፊት የሚቆም ተከላካይ፣ በችኮላ ከተቀጠረ ውድ ጠበቃ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚያሳዝነው ይህ መብት በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት አለመኖሩ ነው፤ እዚያ መንግሥት ጠበቃ አያቆምም፤ ስለዚህ ትግሉ ማለቅ ያለበት በወንጀሉ ችሎት ነው።

ገንዘብ ከፍሎ የሚቀጥር ሰው ሁለት ምልክቶችን ያስተውል። ውጤቱን አስቀድሞ የሚምል ጠበቃ ካለ እንደ መጣ ይመለስ። «ካሸነፍኩ ብቻ ትከፍለኛለህ» የሚልም ካለ የሙያ ደንቡን እየጣሰ ነው፤ የወንጀል ጉዳይን በውጤት ላይ በተመሠረተ ክፍያ መያዝ በአሜሪካ የጠበቆች ሥነ ምግባር ክልክል ነው። ክፍያው ምን እንደሚያጠቃልል፣ ችሎት ቢደርስ ስንት እንደሚጨመር በጽሑፍ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ የዜግነት ሁኔታውን ያልጠየቀ ጠበቃ ካለ ደንበኛው ራሱ ይንገረው። አሳፍሮት ዝም ካለ ጠበቃው ግማሹን ጉዳይ ሳያውቅ ይሠራል። እንግሊዝኛው የማይበቃው ሰው ደግሞ ችሎት ላይ አስተርጓሚ ይጠይቅ። አንገትን እየነቀነቁ የገባቸው መምሰል በዚህ ቦታ ዋጋው ከባድ ነው፤ ዳኛው «ገብቶሃል?» ብሎ የሚጠይቀው መልሱን በመዝገብ ለማስፈር ነው።

ስለ ማሪዋናም አንድ ቃል። ዲሲ ከ2015፣ ቨርጂኒያ ከ2021፣ ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ለአዋቂዎች በተወሰነ መጠን ይዞ መገኘትን ፈቅደዋል። የግዛት ሕግ ግን ኢሚግሬሽንን አያስርም። የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ በግዛት ሕግ በተፈቀደበት ቦታ እንኳ ማጨስ ወይም በዚያ ንግድ ተቀጥሮ መሥራት የዜግነት ማመልከቻን ሊያሰናክል እንደሚችል ገልጿል። ሱቁ መንገድ ላይ ተከፍቶ ታክስ ስለሚከፍል ለሁሉም ይፈቀዳል ማለት አይደለም።

አውሮፓም እንዲሁ ተለውጧል። ኔዘርላንድስ ጫትን በ2013፣ ብሪታንያ በጁን 2014 ከልክለዋል። ድሮ ሎንድን ውስጥ በግልጽ ሲሸጥ ያየ ሰው በድሮው ትዝታ ዛሬ ሻንጣ አይሙላ።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎችም የዚህ ጉዳይ ባለቤት ናችሁ። ለሚጓዝ ሰው «ይህችን ለወንድሜ አድርስልኝ» ተብሎ የሚሰጥ ጥቅል ሳይከፈት አይቀበል፤ ውስጡ ያለውን ሳይናገር የሚሰጥም አይኑር። አደራ ተቀባዩን ዕድሜ ልክ የሚያስከፍል ከሆነ አደራ መሆኑ ይቀራል። በውጭ ያሉ ዕድሮችና አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችም ጭምር፣ ለሐዘን የሚያዋጡትን ያህል በዓመት አንድ ምሽት የወንጀል ተከላካይና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋብዘው ሕዝቡ እንዲጠይቅ ያድርጉ። የተያዘ ሰው ሲኖርም በሹክሹክታ ከማሳቀቅ ይልቅ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ጠበቃ ያስይዙለት። የፍርድ ቤት መጥሪያ እጃችሁ የገባ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ደውሉ፤ «ይህን ወረቀት ብፈርም መኖሪያ ፈቃዴ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ሳታገኙ ምንም አትፈርሙ።